የዛሬው አስተያየት፦ ሞተሩንም እንደ ቡናው እንመዝነው



ዛሬ የጀንፈልም የታጠበም ዋጋ ይዤ አልመጣሁም። የኒውዮርኩን ማታ በተለመደው ሰዓት እንለጥፋለን። አሁን የማወራው ስለ ሞተር ነው፤ ስለዚያች ባለ ሁለት እግር ትንሽ ሞተር ሳይክል። "ይሄ ከገበያ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። የዚህች ሞተር ወጪ ዞሮ ዞሮ ኪሎ ቡናችሁ፣ ኩንታል ሰሊጣችሁ ላይ ነው የሚደመረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራ በሚበዛበት ወቅት የቅድመ ጭነት ናሙና ይዞ ከአቃቂ መጋዘናችን የወጣው ልጅ፣ ቃሊቲ ሳይደርስ የሞተሩ ካቴና ተበጠሰበት። ተበጥሶ መንገድ ላይ ቢወድቅ ደግ ነበር። የኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን ቆለፈው። ልጁ ከነሞተሩ አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ። ከኋላው ኮንቴነር የጫነ ተሳቢ ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ንቁ ሰው ሆነና በሰዓቱ ፍሬን ያዘ። ልጁ ክርኑና ጉልበቱ ተልጦ በሕይወት ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ናሙናው የዕለቱ የአየር መልእክት አመለጠው። በማግስቱ ተላከ። በመካከሉ ገበያው ትንሽ ወረደ፤ ገዢው ደግሞ ዋጋ ለመከራከር ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነበርና መዘግየቱን ሰበብ አደረገው። እዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ላኪዎች ቀሪውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እስካሁን የሚከነክነኝ ግን የዋጋው ነገር አይደለም። ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት "ጋሼ፣ ካቴናው አልቋል፤ ከነጥርሱ መቀየር አለበት" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ "እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሥ፤ ለጊዜው አጥብቀህ ንዳው" አልኩት። እሱም የታዘዘውን አደረገ። ያለቀ ካቴና ሲያጠብቁት የበለጠ እንደሚወጠር፣ ሲወጠር ደግሞ አንድ ቀን እንደሚበጠስ እሱ ያውቃል፤ ገንዘቡ ግን በኔ እጅ ነው።

በኋላ መዝገቡን ገልጬ አየሁ። ከቃሊቲ እስከ ጅቡቲ ያለው የኮንቴነር ማጓጓዣ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። የጆንያው፣ የማበጠሪያው፣ የጫኝና አውራጁ ሁሉ የየራሱ መስመር አለው። ሞተሩስ? "ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ ከሻይ ቅጠልና ከወረቀት ጋር ተቀላቅሏል። የራሱ መስመር የሌለው ወጪ ደግሞ ሁልጊዜ የሚዘገየው እሱ ነው። የዛሬው ሐሳቤ ባጭሩ ይኼው ነው፦ ሞተር ስንገዛም ሆነ ስንይዝ የምንቆጥረው የመሸጫ ዋጋውን ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪውን ዋጋ የሚከፍለው ነጂው ነው።

አቃቂ ቃሊቲን የሚያውቅ ሰው ሞተር ለሥራችን ቅንጦት እንዳልሆነ አይጠፋውም። መጋዘኑ፣ ማበጠሪያው፣ ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ እዚሁ አካባቢ ነው። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ ግማሽ አገር የሚጭኑ ተሳቢዎች የሚተላለፉበት ነው። መኪና ይዞ አንድ ሰነድ ለማድረስ የወጣ ሰው ግማሽ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ሞተር በአንድ ሰዓት ደርሶ ይመለሳል። ዩኒየኖችም ዘንድ ያው ነው፤ የመሠረታዊ ማኅበሩን የእሸት መግቢያ ጣቢያዎች የሚዞረው ባለሙያ ያለ ሞተር ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ከግዢው እንጀምር።

👉 መጀመሪያ ወረቀቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት የሚጠይቀው ስለ ፈቃዱ መሆን አለበት። ከሰኔ 2011 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዘረፋ በዛ ብሎ እንቅስቃሴውን ሲከለክል፣ መንገድ ላይ የቀሩት ለሥራቸው ፈቃድ ያገኙት ነበሩ። ስለዚህ "ዛሬ ገዝቼ ነገ እነዳለሁ" የሚባል ነገር የለም። ለድርጅት ሥራ የሚሆነውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ከሚመለከተው ቢሮ አጣሩ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በየካቲት ሲደርስም ሞተር ለቀናት እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ አይተናል። በዚያ ሳምንት ናሙና የሚልክ ሰው ሌላ መንገድ ያዘጋጅ።

አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የከተማው ዳርቻ ነው። አንድ እርምጃ ስትሻገር ገላን ነው፤ ሸገር ከተማ። "በርካሽ አገኘሁ" እየተባለ የክልል ታርጋ ያለው ሞተር የሚገዛው ለዚህ ነው። ሞተሩ ገላን ላይ በሰላም ይሠራል፤ ቃሊቲ ሲገባ ግን ፈቃድህ የታለ ይባላል። ተይዞ አንድ ወር ግቢ ውስጥ የቆመ ሞተር በስንት ይታሰባል? እኔ ርካሽ አልለውም።

ያገለገለ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራሳችሁ በዓይናችሁ ከብረቱ ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ጥሎ መሄድ ነው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፈጽሙ፤ ስሙን አዛውሩ። "ስም በኋላ እናዞራለን" ያለ ሻጭ በኋላ ስልክ አያነሳም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ ቦሎውም በየዓመቱ ይታደሳል። ነጂው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ከሌለውና አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይ ጣጣ እንደሚመጣ አትርሱ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሞተር ነጂ አይደለም።

👉 የትኛውን?

ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ተራ ሞተር ይበቃል። ገበያው ውስጥ የምናያቸው ቦክሰሩም ቲቪኤሱም የሕንድ ናቸው። ቦክሰርን የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩን ያመጣልን የባጃጅ ኩባንያ ነው። የቻይናዎቹም አሉ። እኔ የአንዱ ደላላ አይደለሁም፤ መለኪያዬ አንድ ነው፦ መለዋወጫው ሞተሩ በሚሠራበት ቦታ አለ ወይ? አቃቂ ላይ ካንዴላው፣ የፍሪሲዮን ሽቦው፣ የፍሬን ሸራው በግማሽ ሰዓት የማይገኝ ሞተር፣ ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አልገዛውም። ዩኒየኖችም ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ወደ ገጠር ስትልኩ እዚያ ያለው ሞተር ሠሪ የትኛውን ፈትቶ መግጠም እንደሚችል መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁት።

ስለ ጉልበቱ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥ ሞተር አቃቂ ላይ አንድ አምስተኛው ይጎድለዋል ማለት ነው። ለሜዳው የቃሊቲ መንገድና ለአንድ ቦርሳ ናሙና 100 ሲሲው አያንስም። ሁለት ሰው ጭኖ በዝናብ ጭቃ ዳገት ለሚወጣ የገጠር ሥራ ግን 125ም 150ም ቢሆን ይሻላል። ጉልበት ያነሰውን ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲጋልቡት ይዋል ይደር እንጂ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ያገለገለ ስታዩ "ሞቅ አድርጌ ጠበቅኋችሁ" የሚላችሁን ሻጭ ጠርጥሩ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው ጠባዩ የሚታወቀው። ሞተሩን በእጃችሁ ዳሱ፤ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን እመጣለሁ በሉ። ከተነሳ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው አልቋል ወይም ቫልቩ ላይ ችግር አለ። ጥቁር ጭስ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ይሄ በማስተካከል ሊድን ይችላል። ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ እዩት፤ እንደ መጋዝ ከሾለ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ኪሎሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። የእግር መርገጫው ጎማና የማርሹ ፔዳል የበለጠ እውነት ይናገራሉ፤ 8,000 ኪሎሜትር ብቻ የሄደ ሞተር መርገጫው ተልጦ ብረቱ አይታይም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው ለዚህ ነው።

👉 የዶላሩ ነገር

እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ሥራችን የምንመለሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ዓመት ሲሞላው ከ130 አልፏል። እኛ ላኪዎች ደስ ብሎናል፤ ልንደበቅ አንችልም። አረቢካም በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ያልፈነደቀ የለም። ግን ያው ዶላር ነው ካቴናውን፣ ጎማውን፣ ካንዴላውን የሚያስገባው። ቡናችን በዶላር ሲሸጥ የናሙና ነጂያችን ሞተር በዶላር ያረጃል። የኛ ገቢ ከዶላሩ ጋር ሲያድግ ለሞተሩ ጥገና የምንመድበው ብር የ2015ቱ ከሆነ፣ ልዩነቱን ማን እየሞላው ነው? አንዳንዱ ልጅ ከደመወዙ ይሞላዋል። አንዳንዱ ሳይሞላው እንዲሁ ይነዳል።

ነዳጁንም እንየው። ቤንዚን ታህሳስ 30 ቀን 2017 ከ91.14 ብር ወደ 101.47 ብር ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 120 ብር እንበለው። አንድ ሞተር በቀን 40 ኪሎሜትር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 1,000 ኪሎሜትር ነው። ደህና የተያዘ ሞተር በሊትር 45 ኪሎሜትር ቢሄድ በወር 22 ሊትር፣ ወደ 2,670 ብር ይሆናል። ፊልትሮው የታፈነ፣ ጎማው የለሰለሰ፣ ፍሬኑ የሚይዝ ሞተር ወደ 35 ቢወርድ ደግሞ 28.6 ሊትር፣ ወደ 3,430 ብር ይመጣል። ልዩነቱ በወር 760፣ በዓመት ከ9,000 ብር በላይ። በአንድ ሞተር ነው ይሄ። አምስት ሞተር ያለው ዩኒየን በአምስት ያባዛው። "ለጥገና ገንዘብ የለም" የሚለው ድርጅት ገንዘቡን በየወሩ ማደያ ላይ እያፈሰሰው ነው።

👉 አያያዙ

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ለሞተር የተነገረ ነው የሚመስለኝ። ብዙ ነገር አይጠይቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሩብ ሰዓት ይበቃል።

የዚህ አካባቢ ዋና ጠላት አቧራ ነው። የገለባው፣ የግንባታው፣ የተሳቢው አቧራ ተደምሮ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል። መመሪያው ላይ ያለው የማጽጃ ጊዜ ለንጹሕ መንገድ ነው የተጻፈው፤ እዚህ ግማሹን ውሰዱ። የቡና ማበጠሪያ በር ላይ የሚቆም ሞተር ፊልትሮው ሲፈታ የቡና ገለፈት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘይቱ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። በየ2,000 ኪሎሜትሩ መቀየር ማለት በኛ ስሌት በየሁለት ወሩ፣ በዓመት ስድስት ጊዜ ነው። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ ቀደም ብሎ፣ መመሪያው በሚለው ኪሎሜትር ይሁን፤ እስከዚያም ልጁ ጋዙን እስከ ጥግ አይጠምዝዝ። ዘይቱን ከታወቀ ሱቅ፣ ክዳኑ ካልተነካ ቆርቆሮ ግዙ። ተጣርቶ እንደገና የታሸገ ዘይት ገበያ ላይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ካቴናውን በየ500 ኪሎሜትሩ ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ መላላቱን መለካት። መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲያደርጉት ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይጠበቅ። ማጠበቂያው መጨረሻው ላይ ከደረሰ ግን በቃ፣ ዕድሜው አልቋል። ሲቀየር ደግሞ ከፊትና ከኋላ ጥርሱ ጋር አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም አዲሱን በጥቂት ወር መብላት ነው። እኔ ይሄንን የተማርኩት በልጄ በሚሆን ሰው ጉልበት ነው፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ካንዴላው ሲፈታ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል፤ በኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ይሄ የተለመደ ነው። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶት እየጋለ ነውና ቶሎ ይታይ። ጎማ በእጅ ተጭኖ አይለካም፤ ጎሚስታው ጋር ሄዶ በመለኪያ ይታይ። የፍሬን ሸራና የፍሬቻ መብራት ደግሞ ቀጠሮ የላቸውም። በተበላሹበት ቀን ሞተሩ ይቆማል። ይሄ ትእዛዝ ከኛ ከባለቤቶቹ ካልወጣ ልጁ አያቆመውም፤ ቢያቆመው "ሥራ አስተጓጎልክ" እንደምንለው ያውቃላ!

👉 "ኤሌክትሪኩስ?" ለምትሉ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲወሰን አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ሞተርም አዲስ አበባ ላይ እየበዛ ነው። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ፊልትሮ የለው፤ የመብራት ዋጋውም ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም። ቀኑን ሙሉ ከአቃቂ ቃሊቲ የማይወጣ ሥራ ያለው ሰው ቢያስብበት አልቃወምም። ግን ባትሪው የሞተሩ ትልቁ ዋጋ ነው። በስንት ዓመት እንደሚደክም፣ ሲደክም ማን እንደሚቀይረውና በስንት ብር እንደሆነ በጽሑፍ ያልሰጠ ሻጭ ጋር አትዋዋሉ። መብራት በሚጠፋበት ቀንም ናሙናው መድረስ አለበት። ወደ ቡና አካባቢ የሚላከው ግን ለጊዜው የነዳጁ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እዚያ ሠሪው ሰው አለ።

አንዳንድ ወዳጆቼ "ሞተሩን ለልጁ ሰጥተነዋል፤ የሚሠራበት እሱ ነው፤ ጥገናውንም እሱ ይቻል" ይሉኛል። ኃላፊነት እንዲሰማው ነው ይላሉ። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ በገዛ ኪሱ የሚጠግን ሰው ዕቃውን እንደሚጠነቀቅ እኔም አምን ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የማይበቃ ልጅ ከካቴናና ከዳቦ ሲያማርጥ የሚመርጠው ዳቦውን ነው። እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። አደጋው ሲደርስ ደግሞ ቁስሉ የሱ፣ የዘገየው ናሙና የኛ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ደብተር ይኑረው፤ ኪሎሜትሩ፣ ነዳጁ፣ የተቀየረው ዕቃ ከነቀኑ ይጻፍበት። በየወሩ ከሄደው ኪሎሜትር ተሰልቶ ለጥገና የሚሆን ብር ይመደብ፤ ብሩም ልጁ ሳይለምን የሚያገኘው ይሁን። እስከተወሰነ ብር ድረስ ነጂው ራሱ ወስኖ ይቀይር፤ ደረሰኝ በኋላ ያምጣ። ደህና ሄልሜት፣ ጓንትና የዝናብ ልብስ ድርጅቱ ይግዛ። ዩኒየኖችም ለቀጣዩ በጀት ስትቀመጡ ሞተር መግዣውን ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመት መያዣውንም አብራችሁ አጽድቁ። ጎማ አጥቶ መጋዘን ጥግ የቆመ ሞተር ያላየ ማኅበር ካለ ይንገረኝ፤ ሄጄ እመሰክርለታለሁ።

እኛ ሰዎች እኮ ቡና ስንገዛ የእርጥበቱን፣ የጉድለቱን፣ የክብደት ቅናሹን ሳናሰላ ዋጋ አንጠራም። ሞተር ላይ ስንደርስ ግን የተጠራውን ዋጋ ብቻ ሰምተን "ርካሽ ነው" እንላለን። ያው ሚዛን ለሁለቱም ይሁን ነው የምለው።

ልጁ ድኗል፤ ዛሬም ከኛ ጋር ነው። ካቴናውም አዲስ ነው፣ ከነጥርሱ። ባለፈው ቅዳሜ "ጋሼ፣ የኋላው ፍሬን ሸራ ሊያልቅ ነው" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተቀይሮ ነበር።

እናንተ ዘንድ የሞተር ወጪ በየትኛው መስመር ነው የሚጻፈው? በኪሎሜትር ስንት ብር እየወጣችሁ እንደሆነ የመዘገባችሁ ካላችሁ ላኩልን፤ ሰብስበን እንለጥፈዋለን። መልካም የገበያ ሳምንት ይሁንላችሁ!